ከላይ የሚጠብቅ ሰው

እኛ ቢሮ መብራት ሲጠፋ ዘበኛው ጓሮ ያለውን ጄኔሬተር ያስነሳል፤ እኔ ደግሞ የጀመርኩትን ሥራ ጥዬ ወደ ውጭ እወጣለሁ። ነቀምቴ ውስጥ መብራት በየስንት ጊዜው እንደሚጠፋ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ሥራ ፈትነት ነው። ባልደረቦቼ «ማሽኑ ሲነሳ እሷም ትነሳለች» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። የቤንዚን ጭስ አፍንጫዬን ሲነካው ጆሮዬ የአባቴን ድምፅ መፈለግ ይጀምራል። አባቴ እኮ በሕይወት አለ። ቤቱም ከቢሮዬ በባጃጅ ቅርብ ነው። ፍርሃት ግን ይህን ቢነግሩት አይሰማም።

አባቴ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ሰው ዛሬም ውሃ የሚቀዳባቸው ብዙ የግቢ ጉድጓዶች የእሱ እጅ ሥራ ናቸው። አያቴ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥቶ ወለጋ የሰፈረ ገበሬ ነበርና ሥራ ማለት ለእሱ ማረስ ብቻ ነው። ልጁ በሬውን ትቶ ከተማ ገብቶ የሰው ግቢ መቆፈር ሲጀምር «ይህን ያህል ጠልቆ መሬት የሚቆፈረው ለሞተ ሰው ነው» ብሎ ብዙ ዘመን አኩርፎታል። አባቴም በተራው ወንድ ልጁን ጉድጓድ ላያስገባ ማለ። «የኔ ልጅ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጥ» ይል ነበር። ወንበር ሲል የመንግሥት ቢሮ፣ ጡረታና ጭቃ ያልነካው ሸሚዝ ማለቱ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ምህንድስና ተምሮ ተመረቀ። ወንበሩ ግን አልመጣም። የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ሲቆም እየዋለ ጫማውን ብቻ ጨረሰ። በኋላ ሲሰለቸው «አባዬ፣ ቅጥሩን ተወው፤ ያንተን ሥራ ዘመናዊ አድርገን ድርጅት እንክፈት» ይለው ጀመር። አባቴ ከት ብሎ ይስቅና «ዶማና አካፋ ምን ድርጅት ያስፈልገዋል፣ ሆዴ?» ይለዋል። እየሳቀ ይበል እንጂ፣ ማታ ማታ ልጁ ወረቀት ላይ የሚስለውን የጉድጓድ ሥዕል ከትከሻው በላይ ሰርቆ ሲያይ እይዘው ነበር።

እኔ ያን ጊዜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት እጠብቃለሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ምሳ የማደርሰው እኔ ነበርኩ፤ ካደረስኩ በኋላም እዚያው የጉድጓዱ አፍ አጠገብ ተቀምጬ እውላለሁ። እቤት ብሄድ የባሰ እንደምፈራ አውቅ ነበር። ከታች የሚመጣው አየር የእርጥብ አፈር ሽታ አለው፤ የአባቴ አናት ከሩቅ ትንሽ ሆኖ ይታያል። አንድ ድንጋይ ከአፉ ላይ ተንሸራቶ በወደቀ ቁጥር ልቤ አብሮት ይወርዳል።

አባቴ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ዝም ብሎ አያውቅም። እየቆፈረ መንዙማ ያዜማል። ከላይ ባልዲውን የሚጎትተው የዘመናት ባልደረባው፣ ግዙፍና ዝምተኛ የጉቶ ጊዳ ኦሮሞ፣ ፕሮቴስታንት ነው፤ አማርኛውም ጥቂት ነው። ቢሆንም መቀበያው ላይ ሲደርስ ቃሉን እንዳገኘው እያደረገ ሳያፍር ይቀበለዋል። የግቢው ሰዎች ይሄን ሰምተው ይስቃሉ። ጉዳዩ ግን የሥራቸው ሕግ ነበር። «ድምፄን ስትሰሙ አለሁ ማለት ነው፤ ካልሰማችሁ አትጠይቁኝ፣ አውጡኝ» ይለን ነበር አባቴ።

የዚያን ጊዜው ጉድጓድ የአንዲት ጡረታ የወጣች መምህርት ግቢ ውስጥ ነበር። ውሃው ብቅ ብሏል፤ በጋ እንዳይደርቅ ግን ትንሽ ዝቅ ማለት ነበረበት። ለዚህ ደግሞ የተጠራቀመውን ውሃ ማውጣት ያስፈልጋል። አባቴ ሁልጊዜ በባልዲ ነበር የሚያስወጣው፤ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ወንድሜ ያን ቀን ጠዋት ከጓደኛው ተውሶ የቤንዚን ፓምፕ በባጃጅ ጭኖ መጣ፤ እኔም ላየው ከምሳ ሰዓት ቀድሜ ሄጄ ነበር።

አባቴ እምቢ ይላል ብዬ ነበር። ይልቁንስ ደስታው ፊቱ ላይ ፈሰሰ። በአጥር በኩል ለሚያልፍ ሁሉ «የልጄ ማሽን ነው!» ይላል። ፓምፑ ከላይ ሆኖ ውሃውን መሳብ ስላልቻለ በገመድ አውርደው ከውሃው ከፍ ያለ እርከን ላይ አስቀመጡት። አባቴ ራሱ ወርዶ አስነሳውና ቶሎ ወጣ። የጉድጓዱ አፍ እንደ ጭስ ቤት ጨሰ፤ ጩኸቱ መሬቱን ያንቀጠቅጥ ነበር፤ ውሃው ግን በቱቦው እየተንደቀደቀ ግቢውን አጥለቀለቀው። ጠዋቱ ሳይጋመስ ጉድጓዱ ደረቀ፤ ማሽኑም ቤንዚኑ አልቆ ጠፋ። መምህርቷ እያጨበጨበች «ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ የኔ ልጅ! መማር እንዲህ ነው!» አለችው። ወንድሜ ከተመረቀ በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ጭሱ እስኪወጣ ጠበቁ። ከዚያ አባቴ እንደ ልማዱ ሻማ ለኩሶ በባልዲ አወረደ። ሻማ ከታች ከጠፋ አየሩ መጥፎ ነው ማለት ነው፣ አይወርድም፤ ከበራ ይወርዳል። ከአንድ አሮጌ ቆፋሪ የተማረው ነው፤ አንድም ቀን አላሳፈረውም። ሻማው ደህና አድርጎ በራ። «በሉ፣ ቢስሚላህ» ብሎ እግሩን ሲሰድ ወንድሜ ክንዱን ያዘው። በብብቱ ሥር ገመድ ካልታሰረለት እንደማይወርድ ነገረው።

«ጥጃ ነኝ እንዴ?»

«አባዬ፣ አንድ ጊዜ እንኳን እኔ የተማርኩትን ስማኝ።»

አባቴ ወደ እኔ እያየ ጠቀሰኝና እጁን ወደ ላይ ዘረጋለት። ደስ ይበለው ብሎ ነው እንጂ ለገመዱስ ደንታም አልነበረውም። ታስሮ ወረደ።

መንዙማው ተጀመረ። ባልደረባው ተቀበለ። ዶማው ጭቃውን ሲመታ ይሰማል። ትንሽ ቆይቶ አባቴ አንዷን ስንኝ ሁለት ጊዜ አላት። መልሶም አላት። ባልደረባው ግራ ገብቶት መቀበሉን ተወ። ቃሉ እንደ እንቅልፋም ሰው ንግግር ተለወሰ፣ ዜማው ተንጋደደ፣ ከዚያ አንድ ነገር ጭቃው ላይ ጧ አለና ጸጥ አለ።

ያን ጸጥታ እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። መንገድ ላይ ባጃጅ ያልፋል፣ ጎረቤት ራዲዮ ይጮኻል፤ እኔ ግን ከጉድጓዱ የሚወጣው ዝምታ ብቻ ነበር የሚሰማኝ። «አባዬ!» አልኩ። የገዛ ድምፄ ተመለሰልኝ።

ወንድሜ ጫማውን አሽቀንጥሮ ሊገባ ሲል ባልደረባው ወገቡን አቅፎ ወደ ኋላ ጣለው። «አትገባም! አንተም ትሞት! ገመድ ያዝ!» መምህርቷ ነጠላዋን ጥላ እየሮጠች «ሃርኪሳ! ጎትቱ! ያ ዋቀዮ፣ አምላኬ፣ ሃርኪሳ!» ትላለች። ሁላችንም ጎተትን። ገመዱ መዳፌን ላጠው፣ አላሳመመኝም። የሚያስፈራው ነገር አባቴ ከታች አለማገዙ ነበር፤ ግድግዳውን የሚረግጥ እግር የለም፣ ዝም ብሎ ይከብዳል። ሞቷል አልኩ በልቤ። ሞቷል እያልኩ ጎተትኩ።

መጀመሪያ የወጣው ደረቱ ላይ የተንጠለጠለ አናቱ ነበር። ሣሩ ላይ አጋደምነው። ዓይኑ ክፍት ነው፤ አያየኝም። ባልደረባው ጆሮውን አፉ ላይ አድርጎ ቆየና «ጂራ» አለ፣ «ጂራ፣ በሕይወት አለ፣ አለ!» ያን ቃል ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ገበያ ውስጥ ሰምቼው አልፌያለሁ፤ ሰላምታ ነበር የሚመስለኝ።

ሆስፒታል ኦክስጅን ተደርጎለት ተኝቶ ሰነበተ። ሐኪሟ የሞተር ጭስ ውስጥ የማይሸት፣ የማይታይ መርዝ እንዳለ አስረዳችን። አባቴ መናገር ሲችል «ሻማው በርቶ ነበር እኮ» አላት፣ የቆየ ወዳጁ እንደከዳው ሰው። «ይሄኛው ሻማ አያጠፋም አባቴ፤ ሰው ነው የሚያጠፋ» አለችው። ወንድሜ ጭቃ የደረቀበት ልብሱን ሳይቀይር ኮሪደር ላይ ቆሞ ነበር፤ ወደ ክፍሉ ለመግባት ፈራ። አባቴ አስጠራው። ይቆጣዋል ብዬ ስጠብቅ እጁን ያዘና «ገመድህ ደግ ነበር» አለው። ወንድሜ ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

ጉድጓዱ ግን እንደተከፈተ ነው። በአባቴ ዘንድ ጀምሮ የተወ ቆፋሪ፣ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ለወደቀ ሰውም ከብትም ተጠያቂ ነው። ከአልጋው ተነስቶ «እጨርሰዋለሁ» ሲል እግሩ አልጸና አለው። ወንድሜ «እኔ እወርዳለሁ፤ በባልዲ፣ ያለ ማሽን» አለ። ተከራከሩ፤ አባቴ መሐላውን ጠቀሰ፣ ተቆጣ፣ በመጨረሻ «ታስረህ ውረድ» አለው። ጉድጓዱ አየሩ እስኪጸዳ ከሰነበተ በኋላ ወንድሜ የዩኒቨርሲቲ ቲሸርቱን ለብሶ፣ ታስሮ ወረደ። ባልደረባው ባልዲውን ያዘ። አባቴ ደግሞ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ፣ እኔ አጠገብ ተቀመጠ።

ወንድሜ መንዙማ አያውቅም፤ አፈረና ዝም ብሎ ይቆፍራል። አባቴ በየቅጽበቱ «ድምፅ አሰማ!» ይላል። ከታች የሆነ የዘመኑ ዘፈን ተጀመረ፤ አባቴ አጥብቆ የሚጠላው ዓይነት። አሁን አንገቱን አስግጎ አንዷን ቃል ሳያስመልጥ ያዳምጣል። አንድ ጠጠር ወደ ውስጥ ተንሸራተተች። አባቴ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ።

«አንቺም እዚህ ስትውዪ እንዲህ ትሆኚ ነበር?» አለኝ።

«አይ፣ ለምጄው ነበር» አልኩ።

አላመነኝም። አጎንብሶ ቀስ ብሎ «እናትሽስ?» አለ።

መዋሸት እችል ነበር። ደክሞኝ ነው መሰል እውነቱ አመለጠኝ። «ጉድጓድ በምትወርድበት ቀን እህል አይወርድላትም ነበር። እስክትመለስ ደጅ ደጁን ስታይ ነው የምትውለው» አልኩት።

«ጾም ነኝ ነበር የምትለኝ» አለ አባቴ። «ማታ ስገባ አብረን ስንበላ፣ የሱና ጾም ይዤ ውዬ ነው ትለኛለች። እኔ ጾመኛ ሴት አገባሁ እያልኩ ለሰው ሁሉ ስኮራ...»

የጋቢውን ጫፍ ወደ ዓይኑ ወሰደ። በዚህ መሐል ወንድሜ ባልዲው እንደሞላ ሊጣራ ዘፈኑን አቋረጠ፤ አባቴ ግን ቀድሞ ወደ ጉድጓዱ ተደፍቶ «አለህ ወይ፣ ልጄ?» ብሎ ጮኸ። «አለሁ አባዬ» አለ ከታች። ባልደረባው ባልዲውን ጎትቶ አወጣ፤ አባቴ እንደገና «አለህ ወይ?» ብሎ ወደ ታች ተጣራ።