ዝቅ የማይል ሸራ

ሰውየው ዝናብ ፊቱን እየገረፈው ሸራውን ዝቅ የማያደርገው ለምንድን ነው? የሆስፒታሉ ዘበኛ ከጠዋት ጀምሮ ቢያወጣ ቢያወርድ መልሱ ጠፋበት። ሰውየው በግቢው ሁለት ዛፎች መካከል የጨርቅ አልጋ አንጠልጥሎ፣ በላዩ ሸራ ወጥሮ ማደር ከጀመረ ሦስት ቀኑ ነው። እጅጌው ከክርኑ እምብዛም የማያልፍ የሴት ሹራብ ለብሷል። ጫማውን በማሰሪያው ከገመዱ ላይ ሰቅሎታል። ዝናቡ ሲበረታ ቋጠሮውን ይፈታና ሸራውን አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ያደርጋል፤ ይጋደማል፤ ሽቅብ ያያል፤ ወዲያው እሳት እንደነካው ሰው ብድግ ብሎ መልሶ ከፍ ያደርገዋል።

"አባባ፣ መጠለያ ነው የሚሠሩት ወይስ ገላዎን ነው የሚታጠቡት?" አለ ዘበኛው።

"ዝቅ ካለ መስኮቷን ይጋርድብኛል፣ ልጄ።" በአገጩ ሁለተኛውን ፎቅ አመለከተ። "ባለቤቴን ጠዋት ኦፕሬሽን አስገቧት። ስነቃ ሻርፔን መስኮቱ ላይ አሰቅልልሃለሁ ብላኛለች።"

"ታዲያ ገብቼ ልጠይቅልዎት?"

"ተው! ክፉ ወሬ እንደሆን ክንፍ አለው፤ ካለ ራሱ ይመጣል።"

ዘበኛው ዳግመኛ አልቀለደም። በሩን ትቶ እሱም ሽቅብ ያይ ጀመር።

ሻርፑ አረንጓዴ ነበር። አንዲት ነርስ ከመስኮቱ እጀታ ላይ ስታስረው ሰውየው አልጮኸም፤ እጁንም አላነሳም። ቋጠሮውን ፈታና ሸራውን አፍንጫው ሊነካ እስኪደርስ አወረደው። የተኛው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።