ምከሩኝ ያልሁበት ስብሰባ

«ይህ እኮ ውል አይደለም» አለችኝ በስብሰባው አዳራሽ ከጎኔ የተቀመጠችው አስተማሪ፣ ወረቀቱን ገልብጣ እያየች። «የሐኪም ቤት ወረቀት ግልባጭ ነው። ያውም የሌላ ልጅ ስም ነው ያለበት።»

ያን ወረቀት ሦስት ቀን ሙሉ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ይዤው ነበር። ልጄን አረብ አገር ለሥራ የሚወስዳት ደላላ በጋብቻ ይዛመደናል፤ «ውሏ ይህ ነው፣ አንቺ ያዢው» ብሎ የሰጠው ለእኔ ነው፣ ለእናቷ። እኔ ፊደል ብቆጥርም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አይገባኝም። ልጄ አሥረኛ ክፍል ደርሳለች፣ ብሰጣት ታነበው ነበር። ግን ዘመድ የሰጠውን ወረቀት ማስመርመር በእኛ ዘንድ ሰውየውን ሌባ ማለት ነው። አፈርሁና ተውሁት። ዛሬ ስብሰባው ላይ ስለ ውል ሲያወሩ ስሰማ ግን ለአስተማሪዋ ሰጠኋት።

ሰዓቱ አራት አልፏል። ልጄን የሚወስዳት መኪና በስድስት ሰዓት ወደ መተማ ድንበር ይነሳል።

እዚያ አዳራሽ የተገኘሁት ቀበሌው «ልጇን ልትልክ ነው፣ የእናቶችን ሐሳብ ትናገር» ብሎ ስለላከኝ ነው። ጠዋት ከኮሶዬ ከልጄ ጋር ወደ ከተማ ወረድን፤ እሷን አራዳ ሰፈር፣ ደላላው ከተከራየው ቤት ትቼ ወደ ስብሰባው መጣሁ። ስለ ውጭ አገር ሥራ መንግሥትን የሚያማክር ኮሚቴ ነው። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። በየሰው አንገት ካርድ ተንጠልጥሏል። ከየትኛው አገር ጋር ምን ዓይነት ስምምነት ይፈረም፣ ሠራተኛዋ ስልኳን ትያዝ አትያዝ፣ የዕረፍት ቀን ይኑራት አይኑራት እያሉ ይከራከራሉ። ሳያውቋት ስለ ልጄ ነበር የሚያወሩት። ያ ገረመኝ።

ገና ስንገባ አስተማሪዋን «የእነዚህ ሰዎች ሥራ ምንድን ነው?» ብያት ነበር።

«መምከር።»

«ማንን?»

«መንግሥትን።»

«ይሰማል?»

«የሰማ ዕለት እነግርሻለሁ፣ እትዬ» ብላ ሳቀች።

አሁን ግን አልሳቀችም። ሰብሳቢው «ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ» ሲል ብድግ አልሁ።

«በሕግ አምላክ» አልሁ።

በእኛ ደጋ ይህ ከተባለ ዱላ ያነሳ ዱላውን ያወርዳል፤ ሰምቶ የሚራመድ የለም። ኮሚቴውን እንደ ችሎት ቆጥሬው ኖሯል። ከፊት ያሉት ወጣቶች ሳቁ። ከትክል ድንጋይ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ግን ተነሡ።

«ምነው ጌታው» አሉት ሰብሳቢውን፣ «በእርስዎ አገር በሕግ አምላክ ሲባል ይሳቃል?»

ሰብሳቢው ወረቀቱን አስቀመጠ። «እኅቴ፣ እኛ ፍርድ ቤት አይደለንም። ማዘዝ አንችልም፤ የምንችለው መምከር ብቻ ነው» አለኝ።

«እንግዲያው ምከሩኝ» አልሁት። «ልጄ በስድስት ሰዓት ትሄዳለች። ምከሩኝ።»

ከኮሚቴው አንዲት ሸምገል ያለች ሴት ትጠይቀኝ ጀመር። የትኛው አገር ነው? አረብ አገር ከማለት ሌላ አላውቅም። ፓስፖርቷስ? መንገድ ላይ ይሰጣታል ተብሏል። ኤጀንሲው ማን ይባላል? «እሱው ራሱ ነው» አልሁ። የምናገረውን ራሴው የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ሴትዮዋ ቦርሳዋን አነሳች። «የእኔ ምክር አሁኑኑ እንሂድ ነው።»

ሽማግሌውም ተከተሉን።

«አያ፣ ባጃጅ ይችላሉ?» አለቻቸው ሴትዮዋ።

«በቅሎ የቻለ ባጃጅ ያቅተዋል?»

ቤቱ ስንገባ ልጄና ሦስት ሌሎች ልጃገረዶች ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠዋል። ደላላው ዓይኑ ሴትዮዋ አንገት ላይ ካለው ካርድ አረፈ።

«ከየት ነዎት?»

«ከኮሚቴው።»

የምን ኮሚቴ እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም። ስልክ ላናግር ብሎ ወጣ፣ በዚያው ቀረ።

ልጄ ግን አልተነሣችም። «እምዬ፣ አዋረድሽኝ። ጓደኞቼ ሁሉ ሄደዋል» አለች። አልተከራከርኋትም። ወረቀቱን ሰጠኋት።

«አንብቢው። ያን ዕለት ላስነብብሽ ይገባኝ ነበር።»

አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። «ይህች ማናት?» አለች ቀስ ብላ።

«የእኛም ወረቀት እናቶቻችን ጋ ነው ያለው» አለች አንደኛዋ ልጅ። ሴትዮዋ ወንበር ስባ ተቀመጠችና የየእናቶቻቸውን ስልክ ቁጥር ትቀበል ጀመር። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆሙ።

ልጄ ሻንጣዋን አነሣች፤ ወደ ኮሶዬ የሚመለስ ሚኒባስ ተሳፈርን። እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አኩርፋለች። እኔ ደግሞ፣ በስብሰባው ከእኛ በኋላ ስለ ምን አወሩ ይሆን እያልሁ ነበር። ኮሶዬ ወርደን ቤታችን ገባን። ልጄ ከእኔ ጋር ናት። ተርፈናል፤ አሁን ደኅና ነን።