ወረታ ሳይዘንብ

ወረታ ሜትሮሎጂ ጣቢያ ሥራ የጀመርሁት በሐምሌ መጀመሪያ፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የዝናብ መለኪያ የሚነበበው በዚያ ሰዓት ስለሆነ ቦርሳዬን አስቀምጬ ወዲያው ወደ ግቢው ወጣሁ። በቆርቆሮው ውስጥ ያደረውን ውሃ ወደ መስታወቱ መለኪያ ገለበጥሁ፤ ጎንበስ ብዬ ዓይኔን ከውሃው ጋር አስተካክዬ አነበብሁ። የሚያየኝ ሰው አልነበረም።

አለቃዬ ባሕር ዳር ናቸው። የዚያን ቀን በስልክ፣ “በወረታ ሰማይ አትተማመኚ” አሉኝ። “ፎገራ ሜዳ ላይ ፀሐይ እያለ የርብ ወንዝ ሊሞላ ይችላል። አንቺ ምሥራቁን፣ የጉናን ተራራ ተመልከቺ።”

ስለዚህ ክረምቱን የማሳልፈው ሌላ ቦታ የሚዘንበውን ዝናብ እያየሁ ነው። ከቀትር በኋላ በሳተላይት ምስሉ ላይ የነጎድጓድ ደመናው ሲሰፋ እከታተላለሁ። ደመናው ተራራው ላይ ከቆመና መሬቱ ቀድሞ ከጠገበ ውሃው ወደ ሜዳው ይወርዳል። ያኔ ስልክ አነሣለሁ። ከሰው ጋር የምነጋገረው በአብዛኛው ያኔ ነው። በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ከማሳል በቀር የራሴን ድምፅ ያልሰማሁበት ሳምንት ነበር።

ከርብ ዳር ላለው ቀበሌ የምደውለው ለቄስ አድማሱ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል በእጃቸው ነው፤ ያለ ሰዓቱ ሲመታ አካባቢው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይነሣል። ፊታቸውን አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ የደወልሁላቸው ቀን እንደተማርሁት፣ “ከመካከለኛ እስከ ከባድ መጠን ያለው ዝናብ ሊኖር እንደሚችል ይጠበቃል” አልኋቸው።

“ልጄ፣ ይህን ለላሞቹ እንዴት አድርጌ ልንገራቸው? ይውጡ ነው ወይስ ይቆዩ?”

“ይውጡ፣ አባ።”

“እንዲያ በይኛ።”

ደወሉ ተመታ። ሰዉ ከብቱን እየነዳ ከሜዳው ከፍ ወዳለው አስፋልት ወጣ። ደመናው ግን ጉናን ተሻግሮ ዝናቡን ከማዶ አፈሰሰው። ርብ ከዳርቻው ንቅንቅ አላለም። ከብቶቹ የጭነት መኪና ጥሩምባ ሲያስበረግጋቸው አደሩ።

ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ከአጠገቤ የተቀመጡ ገበሬ ለሾፌሩ ያወሩ ነበር።

“ወረታ ውስጥ አንዲት ደመና ጠባቂ ልጅ አለች አሉ። ላሞቼን አስፋልት ላይ አሳድራ ወተታቸውን አደረቀችብኝ።”

“ታዲያ ደመናውን ደኅና አድርጋ አትጠብቅም?”

“ምን ታድርግ፤ አመለጣት።”

ሳቁ። እኔም ፈገግ ለማለት ሞከርሁ። ቤቴ ሳልደርስ “ወራጅ አለ” ብዬ ወረድሁና የቀረውን በእግሬ ሄድሁ።

ነሐሴ ላይ አንድ ከሰዓት ጉና ላይ የወጣው ደመና አልንቀሳቀስ አለ። መሬቱ ሳምንቱን ሙሉ ሲዘንብበት ሰንብቷል። ወረታ ግን ፀሐይ ነበር፤ ጎረቤቶቼ ልብስ አስጥተዋል። ስልኩን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥሁት። ዛሬም ውሃው ከቀረ ከእንግዲህ ደወሉን ማን ይሰማል? ከመጣ ደግሞ ከብቱ ሁሉ ወንዙ ዳር ነው።

አለቃዬን ጠየቅኋቸው። “ምስሉን እኔም እያየሁት ነው” አሉ። “ንገሪያቸው።”

“አባ፣ ይውጡ” አልኋቸው ቄሱን።

“እዚህ እኮ ጠራራ ፀሐይ ነው።”

“እዚህም ፀሐይ ነው፣ አባ።”

“ይመጣል ነው የምትይኝ?”

“ልምልልዎት አልችልም። እንዳለፈው ሊቀርም ይችላል። ግን ላም ቢኖረኝ አሁኑኑ አወጣት ነበር።”

“ላም አለሽ?”

“የለኝም።”

ሲስቁ ሰማሁ። “እኔስ ለቅዳሴ ደወል በመታሁ ቁጥር ሰው ሁሉ ይመጣልኛል መሰለሽ? መምታቱ ግን አይቀርም።” ስልኩን ዘጉት።

የርብ ደወል ወረታ ድረስ አይሰማም። አመሻሽ ላይ መልሼ ብደውል ስልካቸው አልሠራም። ሰው ይውጣ አይውጣ፣ ውሃው ይምጣ አይምጣ፣ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። የምጠይቀው ጎረቤትም አልነበረኝም፤ ከጎረቤቶቼ ጋር የምንተዋወቀው በሰላምታ ብቻ ነው።

በማግስቱ ማለዳ ባጃጅ ተሳፍሬ ወደ ርብ ድልድይ ሄድሁ። ሜዳው ውሃ ሆኗል። የሩዙ ማሳ ደለል ተጭኖታል። አስፋልቱ ግን ግራና ቀኙ ከብት ነው፤ መኪኖቹ በመካከሉ ቀስ እያሉ ያልፋሉ። እኒያ የባጃጁ ገበሬ ከላሞቻቸው መካከል ቆመው ለጎረቤታቸው፣ “ያች ልጅ ዛሬስ ምን ትል ይሆን?” ይላሉ።

“ዛሬም ወደ ሜዳው አይመልሷቸው” አልኋቸው።

ዞር ብለው አዩኝ። “አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?”

“እንግዳ ነኝ” አልሁና ወደ ባጃጁ ተመለስሁ።

ከዚህ ሥራ የተማርሁት ይህን ነው፦ የትናንቱ ትንበያ ቢስትም የዛሬውን መናገር ያስፈልጋል።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ቢሮ ደርሼ መለኪያውን ከፈትሁ። ደረቅ ነበር። ዜሮ ብዬ መዘገብሁና ለቄስ አድማሱ ደወልሁ። አሁን ስልካቸው ጠራ።