ለአንድ ሰዓት አሥር ስግደት

«ለጀርባሽ ተብሎ ወንበር ቢቀየርልሽም ያው ነሽ» አለችኝ አጠገቤ የምትሠራው ሂሩት። «ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ለመቅዳት እንኳ አልተነሳሽም።»

«ይቺን ልጨርስና» አልኳት፤ አንገቴ ግን ወደ እሷ አልዞር አለ። እዚህ ዓረብ አገር፣ መዲናት ዛይድ ያለው ቢሯችን ምንጣፉ ገና መታጠቡ ነው፣ የሎሚ ሳሙና ይሸታል። ሽታው ይዞኝ በልጅነቴ ከእማዬ ጋር ወደኖርንበት ሰፈር፣ ዛኸር ገባ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እማዬ ምግብ የምታበስልላት ማዳም አሮጌ ኮምፒውተር ሰጥታኝ፣ ጓሮ ባለችው ክፍላችን ግጥም ስጽፍና ስሰርዝ እውል ነበር። ዓይኔ ቀላ፣ ጀርባዬ ጎበጠ። እማዬ ለማዳም ልትመልሰው ገመዱን ነቀለች። እኔም አለቀስኩ።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «ለተቀመጥሽበት ለእያንዳንዱ ሰዓት አሥር ስግደት።»

ግንባሬ ሎሚ ሎሚ የሚሸት ምንጣፍ ላይ ሲያርፍ፣ እሷ ወገቧን ይዛ ትቆጣጠረኛለች። ከአራት ወደ ሰባት ከዘለልኩ «ኸላስ፣ በቃ፣ ከአንድ ጀምሪ» ትለኛለች። በሳምንቱ ጀርባዬ ተፍታታ። እሷ ስግደቱ የጸሎት ነው ብላ ታምናለች፤ እኔ ኮምፒውተሬ ስለቀረልኝ ሌላው ግድ አልሰጠኝም።

«ለሰው ማጎንበሱን እኔ ጨርሼልሻለሁ» አለችኝ አንድ ቀን። «አንቺ ለእግዚአብሔር ብቻ አጎንብሺ።» ኮምፒውተሩን ሰው ያለችው መስሎኝ ሳቅሁ፤ ማዳም ቤት ስታጎነብስ መኖሯን ማለቷ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አሁን ከቢሮ ወንበሬ ተነሳሁ።

«ወዴት ነው?» አለች ሂሩት።

«ልሰግድ።»

የቀለድኩ መስሏት ስትስቅ ወጣሁና፣ የባዶውን የስብሰባ ክፍል በር ከኋላዬ ዘጋሁት።