ለወንድሜ ልጅ ያጻፍኩት የሥራ ልምድ

«ፈትለወርቅ የወንድሟን ልጅ እንጀራ ልትዘጋ ነበር» እያሉ ያሙኛል። ይሙኝ! እዚህ አደን ውስጥ ከክሬተር እስከ ሼክ ዑስማን ሥራ ፈቶ ሰው የሚያማ ሐበሻ ጠፍቶ አያውቅም። ግን ከእኔ ያልሰማ ምን ያውቃል? ስለ ኤልሣ እኔ ልናገር። ስለ እሷ ሳወራ የእኔም ጉድ መውጣቱ አይቀርም፤ ይውጣ።

ኤልሣ የታላቅ ወንድሜ የአበበ ልጅ ናት። አበበ የባሕር ኃይል መካኒክ ነበር፤ በ1983 መንግሥት ሲለወጥ በመርከብ ተሻግሮ እዚህ የመን ቀረ። እኔም ተከትዬው መጣሁ። እሱ እዚሁ አደን አገባ፣ በዓመቱ ኤልሣ ተወለደች። እናቷ ልጅቷ ዐሥር ዓመት ሳይሞላት ሞተችና አባትና ልጅ ብቻቸውን ቃሂራ ሰፈር አንዲት ክፍል ውስጥ ኖሩ። እኔ ክሬተር ሱቅ ከፈትኩ። ድርዕ የሚሉትን የአደን ሴቶች ስስ ቀሚስ እሰፋለሁ፤ ስፌቴን የሚነቅፍ እስካሁን አልተወለደም።

ልጅቷ ከትንሽነቷ ጀምሮ ዝምተኛ ናት፤ ዝምታዋ ግን የገራገር ዝምታ እንዳይመስላችሁ። እልኸኛ ናት። አንድ ነገር ከተበላሸ እስክትጠግነው እህል አትቀምስም። በ2005 በኮምፒውተር ዲፕሎማዋን ያዘች፣ ወዲያው መንሱራ አንድ ኢንተርኔት ቤት ቴክኒሻን ሆና ገባች። ወንድሜ በደስታ የሚያደርገውን አጥቶ ሰፈሩን ሁሉ ከረሜላ አብልቷል። ሁለት ዓመት ሳይሞላት ጦርነቱ መጣ፤ ኢንተርኔት ቤቱም ተዘጋ፣ ባለቤቱም የት እንደገባ አልታወቀም።

ጥይቱ ጋብ ባለበት በ2007 ሐምሌ ወንድሜ ውኃ ሊቀዳ ጄሪካን ይዞ እንደወጣ ወደቀ። ግማሽ አካሉ ደነዘዘ፣ አንደበቱ ተያዘ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ 2014 የካቲት ድረስ አልጋ ላይ ነበር። ያስታመመችው ኤልሣ ናት።

እኔስ? እኔ ሱቅ ነበረኛ! ከክሬተር ቃሂራ በደባብ ነው የሚኬደው፤ ያ ሚኒባስ ነዳጅ ሲጠፋ የለም፣ ነዳጅ ሲኖር መንገዱ ይዘጋል። ሱቅ አንድ ቀን ከተዘጋ ደንበኛ ይሄዳል። ከጦርነቱ በኋላ ከጁምዓና ከወንድሜ ቀብር ቀን በቀር ሱቄን ቀኑን ሙሉ ዘግቼ አላውቅም ነበር። ጁምዓ ጁምዓ ሾርባ ይዤ እሄድ ነበር። ጁምዓ ሁሉ ባይሆንም እሄድ ነበር። ኤልሣ «እትዬ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ያዥልኝ፣ ሥራ ልፈልግ» ያለችኝ ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱም ጊዜ ዒድ ደርሶ ነበር፤ ለዒድ ስንት ቀሚስ እንደሚሰፋ የሰፋ ያውቀዋል።

ወንድሜ ካረፈ በኋላ ልጅቷ ማመልከቻ ይዛ መዞር ጀመረች። ሦስት መሥሪያ ቤት ሄደች። ሦስቱም ጋ ወረቀቷን ያያሉ፣ ጣታቸውን ባዶው ቦታ ላይ ያሳርፋሉ፣ «ወይን ኩንቲ?» ይላሉ። የት ነበርሽ? ሰባት ዓመት የት ነበርሽ? አንዱማ ዐይኑን አፍጦ «እስር ቤት ነው ወይስ ባል ጋ?» አላት። ደሜ ፈላ! ያን ቀን እዚያ ብኖር ኖሮ መቀሴን ይዤ ነበር የምገባው። የቀረውን ማስታወቂያ ሁሉ ስታገላብጥ ደግሞ «ከሠላሳ ዓመት በታች» ይላል፤ እሷ ደግሞ ሠላሳዋን ደፍናለች።

አንድ ብቻ ቀረ። መንሱራ የኢንተርኔት መስመር የሚዘረጋ ድርጅት ጀማሪ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ደንበኛ «ተቋረጠብኝ» ብሎ ሲደውል ስልክ ማንሳት፣ ካልሆነም ሄዶ መጠገን ነው ሥራው። ዕድሜ አልጠቀሰም። ይህ ካመለጣት የሰው ቤት ልትገባ፣ የሰው መጸዳጃ ልታጥብ ከአንዲት ሴትዮ ጋር ተነጋግራ ጨርሳለች። ዲፕሎማዋን ያየ ሰው ይህን ሲሰማ አንጀቱ አያርርም?

«ስሚ» አልኳት፣ «እኔ ሱቅ አለኝ፣ የንግድ ፈቃድ፣ ሲጂል አለኝ፣ ማኅተም አለኝ። ሰባቱን ዓመት እኔ ጋ ኮምፒውተር ትሠራ ነበር ብዬ ወረቀት ላጽፍልሽ።»

«ስፌት ቤት ውስጥ ምን ኮምፒውተር አለ?»

«ጥልፉን በኮምፒውተር ነው የምንሠራው እላለሁ። ማን መጥቶ ያያል?»

«አልፈልግም።»

«እውነቱን ተናግረሽ ምን አገኘሽ? ሦስት ቦታ አባረሩሽ!»

ቀና ብላ አየችኝ። «እትዬ፣ ያንን ሰባት ዓመት አባቴ ጋ ነው ያሳለፍኩት። ስፌት ቤት ነበርኩ ብዬ አባቴን አልፍቀውም።»

ተናደድኩ። ምን ማለቷ ነው? እኔ እሱን ልፍቀው ነው የፈለግሁት? ለእሷ ብዬ አይደል እንዴ! ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩና በማግሥቱ በገዛ እግሬ ሄድኩ። ክሬተር ፍርድ ቤቱ በር ላይ ለሰው ማመልከቻ የሚጽፍ ሰውዬ አለ። «ጻፍ» አልኩት። «ከ2007 እስከ 2014 በሱቄ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበረች፣ ጠባይዋ የተመሰገነ ነው በል።» ቀና ብሎ «ከ2007?» አለኝ። «አዎ፣ ደንቁረሃል?» አልኩት። ጻፈው። ማኅተሜን አሳረፍኩበት።

እዚህ አገር ዋስ ሳይኖር ሥራ የለም። ዋሱ ደግሞ የንግድ ሲጂል ያለው ነጋዴ መሆን አለበት። ዋሷ እኔ ነበርኩና የዋስትናውን ቅጽ ሞልቼ፣ ያችን ወረቀት ከሥሩ ከትቼ፣ ፖስታውን በሙጫ አሸግሁት። ኤልሣ የዋስትናው ቅጽ ብቻ ያለ መስሏታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ያኔ ትዝ አላለኝም።

ቀጠሮው ዕለት አብረን ሄድን፤ ዋስ በአካል ይቅረብ ይላሉ። የተቀበለን ኡስታዝ አቡበከር የሚሉት ሰው ነው፣ የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ። ቁመቱ አጭር፣ ፊቱ ኮስታራ፤ ሰላምታችንን በአፍንጫው ነው የመለሰው። አጠገቡ ባዶ ወንበር እያለ ተቀመጡ አላለንም። ወንበሩን ራሴ ስቤ ተቀመጥኩ።

«ዲፕሎማ ያለው ሰው ሞልቷል» አላት ከመሳቢያው የኢንተርኔት ገመድ እያወጣ። «ጫፉን ግጠሚ።»

በገመዱ ሆድ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፣ እያንዳንዱ በየቀለሙ። ኤልሣ ልጣጩን ገፈፍ አደረገች፣ ሽቦዎቹን ዘርግታ በቀለማቸው ተራ አሰለፈቻቸው፣ ምላሷን በጥርሷ ይዛ። ሠላሳ ዓመት ክር ስለይ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ እጇን ሳይ ሥራ የሚያውቅ እጅ መሆኑን አወቅሁ። ይህቺ ልጅ ይህን እንደምትችል እስከዚያን ቀን አይቼ አላውቅም ነበር። ሰውየው ገመዱን መብራት ባለው መሞከሪያ ላይ ሲሰካው ሰባት መብራት በራ፣ ስምንተኛው እምቢ አለ።

ሰውየው ሳቀ። «ሰባት ዓመት ተቀምጦ ይረሳል።»

ጫፉን ቆርጣ ጣለችና እንደገና ጀመረች። ሁለተኛው ላይ ስምንቱም በራ። ኮምፒውተሩ ላይም ሆን ብሎ ያበላሸውን አንድ ነገር ሰጣት፤ ቡና ተፈልቶ ሳይወርድ አስተካክላ መለሰችለት። ፊቱ ያን ጊዜ ትንሽ ለዘብ አለ። በልቤ «ኻላስ፣ አለቀ፣ ገባች» አልኩ። ከዚያ ፖስታዬን ቀደደ።

ቅጹን አየ፣ አስቀመጠ። ያጻፍኩትን ወረቀት አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይህቺ ልጅ በ2007 አንቺ ጋ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበረች?»

«አዎ» አልኩ፣ ዐይኔን በጨው አጥቤ።

«የተወለደችው በ1992 ነው። በ2007 የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች፣ ደብተር ይዛ ትምህርት ቤት። ዲፕሎማውን የወሰደችው በ2013 ነው። ሳትማር ነው የቀጠርሻት?»

ክው አልኩ። ለካ እኔ በሀገሬ ዘመን ነው የቆጠርኩት! ሠላሳ ዓመት አደን ስኖር ዓመት የምቆጥረው ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች እያስመጣሁ ግድግዳዬ ላይ በምሰቅለው ካሌንደር ነው። ወንድሜ የወደቀው በ2007፣ የሞተው በ2014፤ ሌላ ቁጥር በጭንቅላቴ የለም። በእነሱ ሲሆን 2015 እና 2022 ነው። ያ ደንቆሮ ጸሐፊ ቀና ብሎ የጠየቀኝ ለካ ለዚህ ነበር፤ ደንቆሮዋስ እኔ።

«በእኛ አቆጣጠር ነው» አልኩ።

«እዚህ የእናንተ አቆጣጠር የለም። ደግሞ ይሁን ልበል፤ በ2014 ከአንቺ ከወጣች ይኸው 2022 ነው። ስምንት ዓመትስ የት ነበረች?»

ሰባት ዓመት ልደፍን ሄጄ ስምንት ዓመት ቆፍሬ መጣሁ! ኤልሣ እጇን ዘርግታ ወረቀቷን ወሰደች፣ አነበበችና ጠረጴዛው ላይ መለሰችው።

«ይህን ወረቀት አላውቀውም» አለች። «ሱቋ ውስጥ አንድ ቀን ሠርቼ አላውቅም። አባቴ ታሞ እሱን ሳስታምም ነበር።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ?»

«ሰባት ዓመት ሙሉ። በየሁለት ሰዓቱ ስልኬ ላይ ደወል እየሞላሁ አገላብጠው ነበር። እስኪሞት ድረስ ጀርባው አልቆሰለም። መብራት ሲመጣ ስልኬን ቻርጅ አደርግና በመሀሉ አጠና ነበር።»

«ይህ የሥራ ልምድ አይባልም።»

«እኔም የሥራ ልምድ ነው አላልኩም። የት ነበርሽ አሉኝ፣ እዚያ ነበርኩ አልኩ። ሥራ አይደለም ካሉ አንድ ሳምንት ይሞክሩት።»

ጥግ ላይ ስትጽፍ የነበረችው የቢሮው ጸሐፊ አፏን ያዘች። ሰውየው ግን አልተቆጣም፤ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈና «ዘመድ የለውም? እህት፣ ወንድም፣ የሚያግዝሽ?» አላት።

ኤልሣ ወደ እኔ አልዞረችም።

«እህት አልነበረውም» አለች።

የዋስትናው ቅጽ ፊቱ ተዘርግቷል። «ዝምድና» በሚለው ቦታ ላይ በራሴ እጅ «የአባቷ እህት» ብዬ ጽፌያለሁ። ሰውየው ቅጹን አየ። እኔን አየ። «እኔ ነኝ እህቱ» ማለት እችል ነበር፣ አፌም ተከፍቶ ነበር። አላልኩም። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስቶ ስሜ ላይ መስመር ሳበ።

«ይህቺ ዋስ አትሆንም» አላት፤ እኔ እዚያ እንደሌለሁ። «ውሸት ላይ ያረፈ ማኅተም አልቀበልም። እስከ ሐሙስ ሌላ ዋስ ካመጣሽ ለሦስት ወር ሙከራ እይዝሻለሁ። ካላመጣሽ ሌላ ሰው አለኝ።»

ደባብ መጣ፣ እሷ ገባች፣ እኔ ቀረሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ለደንበኛ ሁሉ ስጮህ ዋልኩ። ዋስ ከየት ታገኛለች? የእኛ ሰው የንግድ ሲጂል ያለው ስንት ነው? ተመልሳ መጥታ እግሬ ላይ ትወድቃለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ምን ያደርጋል፣ እውነቱን ነው የምናገረው፣ እንድትወድቅ ፈልጌ ነበር።

አልመጣችም። ዋስ የሆነቻት ጎረቤቷ ኢንቲሳር ናት፣ ግድግዳ የምትጋራት፣ ሸቀጣ ሸቀጥ የምትሸጥ የመናዊት መበለት። ወንድሜን ለማገላበጥ ሁለት ሰው ሲያስፈልግ ሱቋን ጥላ የምትሮጠው እሷ ነበረች አሉ። እኔ ይህን የሰማሁት ያኔ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሲጂሏን ይዛ አብራት ሄደች።

ኤልሣ ሥራ ከጀመረች በሁለተኛው ሳምንት፣ ጁምዓ ዕለት፣ አላስችል ብሎኝ ቃሂራ ወጣሁ። ሾርባ አልያዝኩም፤ ልጣላት ነው የሄድኩት። በሩን ከፈተችልኝ። የወንድሜ አልጋ ተነሥቶ በቦታው ጠረጴዛ ገብቷል፣ ላዩ ላይ የመሥሪያ ቤቷ መታወቂያ በክሩ ተቀምጧል።

«በሰው ፊት እህት አልነበረውም ትያለሽ?» አልኳት ገና ሳልቀመጥ። «እኔ ላንቺ ብዬ ውሸት አጽፌ፣ ተዋርጄ! ይሄ ነው ውለታዬ?»

እንደ እኔ ትጮሃለች ብዬ ነበር። ጮኻ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«እትዬ» አለች፣ «ያጻፍሽው ወረቀት እኮ ዓመቱ ነው እንጂ ሌላው ውሸት አይደለም። ቤት ሄጄ ሳስበው ነው የገባኝ። ሰባት ዓመት ያንቺ ሱቅ ሠራተኛ ነበርኩ። እኔ እዚህ አባቴ ጋ ባልቀመጥ አንቺ ሱቅሽን አትከፍቺውም ነበር።»

ውኃ ልስጥሽ አለችኝ፣ አይ አልኩ፣ ወጣሁ።

በማግሥቱ፣ ጁምዓ ሳይሆን፣ ለቅሶም ሳይኖር፣ ሱቄን ቀኑን ሙሉ ዘጋሁ። የማስታምመው ሰው ግን አልነበረኝም።