ውኃ ያፈሰስኩላቸው ሽማግሌ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ እስክሪብቶ የያዝኩት ከገበያ የሚገዛ ሽንኩርትና ዘይት ለመመዝገብ ብቻ ነው፤ ስሕተት ብታገኙ ይቅርታ። ነገሩ የሆነው ኮሮና በገባበት ዓመት፣ ክረምቱ በጀመረ ሰሞን፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ነው። ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ ባየሁ ቁጥር እስካሁን ያ ቀን ይመጣብኛል። ምናልባት ብጽፈው ይቀለኝ ይሆናል ብዬ ነው።

የምሠራው እትዬ አስካለ ምግብ ቤት ነው። ትንሽ ቤት ናት፣ ስድስት ጠረጴዛ። የእኔ ሥራ ጓዳ ሆኖ ዕቃ ማጠብና ሽንኩርት መክተፍ ነበር። ሰው ፊት መቆም አልወድም። ስሜን ሲጠይቁኝ እንኳ መሬት መሬት እያየሁ ነው የምመልሰው። ስለዚህ ጓዳው ተስማምቶኝ ነበር።

በሽታው ሲመጣ ቤቱ ተዘጋ። እኔም በቡሬ በኩል ወዳለው አገሬ ተመለስኩ። አንድ ወር ሳልቆይ ሽማግሌ ተላከብኝ። ሰውየውን አንድ ጊዜ ገበያ ላይ አይቼዋለሁ፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ በዕድሜ ከእኔ በብዙ የሚበልጥ ሰው ነው። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። «ከተማው ከተዘጋ ምን ትሆኛለሽ?» ነው ያለኝ። በኋላ የክልሉ መንግሥት ምግብ ቤቶች ሕጉን እያከበሩ ይከፈቱ አለ ተባለና እትዬ አስካለ ላኩብኝ። አባቴ ለቀቀኝ፤ ግን እንዲህ አለኝ፦ «ሂጂ። ቤቱ ድጋሚ ከተዘጋ ግን ለሰዎቹ ቃሌን እሰጣለሁ።»

ስመለስ ሕጉ በሩ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። በአንድ ጠረጴዛ ከሁለት ሰው በላይ አይቀመጥም። በጠረጴዛና በጠረጴዛ መካከል ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይኖራል። በር ላይ እጁን ሳይታጠብ የሚገባ የለም። በአንድ ትሪ ተሰብስቦ መብላት ክልክል ነው። ይህን ያጓደለ ቤት ይታሸጋል። ከታች ማኅተም አለበት።

እርምጃውን እትዬ ራሳቸው ለኩት። እትዬ አጭር ናቸው። ወጥ ሠሪዋ የሺ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «የማን እርምጃ ነው ይሄ እትዬ? አዋቂ ነው የሚለው እኮ!» ብላ ሳቀችባቸው። «እኔስ አዋቂ አይደለሁም?» አሉ ተቆጥተው። ቆይተው ግን ጠረጴዛዎቹን እንደገና ገፏቸው። ለስድስቱ ቦታው አልበቃ ብሎ ሁለቱ ወደ ጓዳ ገቡ።

በር ላይ የሚቆም ሰው ያስፈልግ ነበርና ሥራው ለእኔ ደረሰ። «እጃችሁን ታጠቡ ነው የምትይው፣ ሌላ ምንም የለውም» አሉኝ እትዬ። ለእኔ ግን ከባድ ነበር። ትልቅን ሰው እንዴት ብዬ ነው ታጠብ የምለው? የመጀመሪያው ቀን ቧንቧ ካለው ባልዲ አጠገብ ቆምኩ፤ ሰው ሁሉ አልፎኝ ገባ። አንድ ሹፌር «ይቺ ደግሞ ምን ትጠብቃለች?» ብሎ ሳቀብኝ።

በማግስቱ መላ አገኘሁ። ማስታጠቢያና ጆግ ያዝኩ፣ ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግሁ፣ ሰው ሲመጣ አንገቴን ደፍቼ ውኃውን ዘንበል አደረግሁት። እንደዚህ ሲሆን መናገር አያስፈልግም። ልጅ ጎንበስ ብላ ውኃ ስታቀርብለት እጁን የማይዘረጋ ሰው በእኛ አገር የለም። ያ ሹፌር ራሱ ዘረጋ። እትዬም «አየሽ፣ ትችያለሽ እኮ!» አሉኝ።

ይሁን እንጂ ዕረፍት አልነበረኝም። ሕጉን የሚቆጣጠረው ግብረ ኃይል መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ከእኛ በላይ ያለው ሻይ ቤት ታሽጎ፣ ነጭ ወረቀት በሩ መጋጠሚያ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ በዚያ ሳልፍ ፊቴን አዞር ነበር። አንድ ሰው ሦስተኛ ወንበር በጎተተ ቁጥር አባቴ ሲናገር የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን እትዬ ወፍጮ ቤት ሄደው ሳለ ድንገት ዝናብ ጣለ። ሰው በየበረንዳው ተጠለለ። እኛ በር ላይ አንድ ሽማግሌ መጥተው ቆሙ። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በትራቸውን ይዘዋል። ሊበሉ የመጡ መሰለኝና እንደ ልማዴ አንገቴን ደፍቼ ጆጉን አነሣሁ።

ሽማግሌው ትንሽ አዩኝ። በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና እጃቸውን ዘረጉ። ታጥበው ሲጨርሱ፣ «እግዜር ያክብርሽ። የማን ዝክር ነው ልጄ?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። እሳቸው የመጡት ከዝናቡ ሊጠለሉ ነው። በገጠር እጁን የሚያስታጥቡት ማዕድ የቀረበለትን እንግዳ ነው፤ ውኃ ካፈሰሱለት ተጠርቷል። ዝክር የለም፣ ምግብ ቤት ነው ማለት ነበረብኝ። አፌ አልታዘዝ አለኝ። ዝም ስል ጨዋነት መሰላቸው።

ወደ ጎረቤት በረንዳ ዞረው ተጣሩ። «ኑ እናንተ! ዝክር ላይ ደርሰናል፣ ኑ ታጠቡ!»

«በዚህ በሽታ ጊዜ ነው ዝክር?» አለ አንዱ።

«ታዲያ አክብራ የጠራችን ልጅ እናሳፍራት?»

ስድስት ሰዎች መጡ። እጃቸውን ዘርግተው ሲሰለፉ ምን ላድርግ? ለሁሉም አፈሰስኩ። አንዲት እናት ጉንጬን ዳሰስ አድርገው «ወግ ማዕረግሽን ያሳየን» ብለው መረቁኝ። ወግ ማዕረግ ሲሉ ያ ሚስቱ የሞተችበት ሰውዬ ትዝ አለኝ።

ገብተው ሁለት ጠረጴዛ ገጠሙና ሰባቱም ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ተቀመጡ። የሺ አየቻቸውና «አብደሻል? በይ ቶሎ አስወጫቸው!» ብላኝ ወደ ድስቷ ተመለሰች። ወደ መንገዱ ባይ ነጭ ጋውን የለበሰች ነርስና ቦርሳ የያዘ ወጣት ጃንጥላ ይዘው ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ወዳለው ፎቶ ቤት ሲገቡ አየሁ። ግብረ ኃይሉ ነው። እግሬ አንድ ቦታ አልቆም አለኝ። ወደ በር ሄድኩ፣ ወደ ጓዳ ሄድኩ፣ እንደገና ወደ በር ተመለስኩ። ማስታጠቢያውን ሳላስቀምጠው ነው የምዞረው።

በመጨረሻ ሽማግሌው አጠገብ ተንበረከክሁ።

«አባባ፣ ዝክር አይደለም። ምግብ ቤት ነው። ውኃውን ያፈሰስኩት ሕግ ስለሆነ ነው።»

«እጅ ማስታጠብ ሕግ ሆነ?»

«አዎ። ተሰብስቦ መቀመጥ ደግሞ ተከልክሏል። ሰዎቹ እየመጡ ነው፤ ካዩን ቤቱ ይታሸጋል። ከታሸገ እኔን ሊድሩኝ ነው። አልፈልግም አባባ።»

ይህን ለእትዬም ለየሺም ነግሬ አላውቅም ነበር። ከአፌ ሲወጣ እኔው ደነገጥኩ።

የሽማግሌው ፊት ተለወጠ። ሳይጠራ ማዕድ ላይ መቀመጥ በዚያ ዕድሜ ምን ያህል እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። «ተነሡ፣ ቤት ተሳስተናል» አሉ።

«እርስዎ አይደሉ እንዴ የጠሩን?» አለ ያ ቅድም የጠየቀው።

«እኔ ነኝ። ተነሥ!»

ዝናቡ ገና አላባራም። ሁሉም ወጡ። ጠረጴዛዎቹን እየጎተትኩ ሳለሁ ነርሷና ወጣቱ ገቡ። ሰባቱ ወንበር እንደተሰበሰበ ነው፣ ወለሉ በጭቃ እግር ተሞልቷል።

«ስንት ሰው ነበር እዚህ?» አለ ወጣቱ።

ሁለቴ ጠየቀኝ፤ ሁለቴም መሬቱን አየሁ። ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ነጩን ወረቀት አወጣ። የሺ ከጓዳ «ኧረ በእመብርሃን!» እያለች ወጣች።

«ልጄ፣ አስታጥቢኝ።»

ሽማግሌው ናቸው። ከጋቢያቸው ውኃ እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን ዘርግተዋል። ቸኩዬ ግማሹን እግራቸው ላይ አፈሰስኩት። ገብተው አንድ ጠረጴዛ ላይ ብቻቸውን ተቀመጡ።

«ሰባት ነበርን» አሉ። «ውኃ ስታፈስልኝ የተጠራሁ መስሎኝ ሰዉን ሰብስቤ ያስገባሁት እኔ ነኝ። እሷ ናት ያስወጣችን።»

ወጣቱ ዞሮ አየኝ። «ይቺ?»

«ይቺ። በዝናብ።»

ነርሷ ሳቋን ለመደበቅ ማስኳን ያዝ አደረገች። «እርስዎስ አሁን ለምን ተመለሱ አባት?»

«ምሳ ልበላ። እንዳላችሁት ብቻዬን።»

ወጣቱ ወረቀቱን እንደያዘ ቆሞ ይጠብቅ ጀመር። የሺ ሽሮ አቀረበች። ሽማግሌው ጀርባቸውን ለበሩ ሰጡ፤ ስድስቱ ከጎረቤት በረንዳ ሆነው ያዩዋቸዋል። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቀለሉና ወደ ጎን አነሡት። የሚያጎርሱት ሰው ሲፈልጉ ነው። ማንም የለም። እጃቸው አየር ላይ ትንሽ ቆየና ራሳቸው ጎረሱት። ከዚያ ቀና ሳይሉ ሳህኑን ጨረሱ።

ወጣቱ ወረቀቱን ወደ ቦርሳው መለሰ። በራሱ እርምጃ ጠረጴዛዎቹን ለካና «ሌላ ጊዜ እንዳይደገም» ብሎ ከነርሷ ጋር ወጣ።

ቤቱ አልታሸገም። አባቴም ለሰዎቹ ቃሉን አልሰጠም። አሁን ሕጉ ቀርቶ ጠረጴዛዎቹ ስድስት ሆነዋል፤ እኔም ከጓዳ ወጥቼ ምግብ አቀርባለሁ። ግን ነገሩን ሳስብ ደስታና ሐፍረት አብረው ነው የሚመጡብኝ። አንዲት ቃል በጊዜው ብናገር ኖሮ እሳቸው በሰው ፊት አያፍሩም ነበር። በገበያ ቀን ጋቢ የተከናነበ ሽማግሌ ሳይ ፊቱን ሳላይ አላልፍም። እስካሁን አላገኘኋቸውም። ስማቸውንም አገራቸውንም ስለማላውቅ ነው ይህን ለመጻፍ የደፈርኩት።

ያን ቀን ሲወጡ በትራቸውን አቀበልኳቸው። ጎንበስ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ብቻዬን ስበላ ማየትሽን ለማንም እንዳትነግሪብኝ» አሉኝ።