ጽዋ የያዘ ሰው

ዝናሽ ጎንደር ላይ ጧፍ እየሠራች መተዳደር ከጀመረች አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗታል። ሰሙን ከትክል ድንጋይ የሚያመጣላት ባዬ ነው። በመካከላቸው ውል ተጽፎ አያውቅም። አንድ የሚካኤል ማኅበር ይጠጣሉ፤ ያ ይበቃቸው ነበር።

ዘንድሮ በኅዳር መጨረሻ ባዬ ሰም ሊያመጣ እንደሄደ መንገዱ ተዘጋ። ስልክም ጠፋ። ሁለት አጥቢያዎች የገና ጧፍ አዝዘዋታል፤ ቤቷ የቀረው ሰም ግን የድስት ቂጥ አይሸፍንም።

ታኅሣሥ ስምንት ቀን አንድ የማታውቀው ነጋዴ በባጃጅ ሰም ጭኖ ደጇ ቆመ።

«እታለም፣ ነገ እሄዳለሁ። ከወሰድሽ ሁሉንም ነው፤ ቆርሼ አልሸጥም።»

ዝናሽ ቁራሽ አንሥታ በጣቶቿ አሸት አሸት አድርጋ አሸተተችው። ማር ማር ይላል። ከሥሩ ደግሞ የሱቅ ሻማ ይሸታል።

«የየት አገር ንብ ነው?»

«ልጥራልሽና ጠይቂያት!» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ያላትን ሁሉ እዚህ ላይ ብታፈስ፣ ባዬ የመጣ ዕለት በምን ዓይኗ ታየዋለች? ብትተወውና ባዬ ቢቀርስ? ገና ያለ ጧፍ ከደረሰ አጥቢያዎቹ ሌላ ሠሪ ይፈልጋሉ፤ የሄደ ደንበኛም አይመለስም።

ማኅበሩን ወደሚመሩት ሙሴ፣ ወደ አያ ተክለ ጊዮርጊስ ሄደች። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ምነው ፊትሽ?» አሏት። ነገረቻቸው።

«የዚህ ወር ተረኛ ማን ነው?»

«ባዬ።»

«ጽዋውን ሲቀበል አይተሻል?»

«አጠገቡ ነበርኩ፣ አያ።»

«እንግዲያ ምን ትጠይቂኛለሽ? መንገዱን አላውቀውም። ጽዋ የያዘ ሰው ግን አውቃለሁ።»

በማግስቱ ነጋዴውን መለሰችው። ሦስት ሌሊት በሰላም ተኛች።

በሚካኤል ዕለት፣ በአሥራ ሁለት፣ ማኅበርተኛው በባዬ ቤት ተሰበሰበ። ሚስቱ አማረች ዳቦውን አቅርባ፣ ጠላውን ጠምቃ፣ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍና ትጠብቃለች። ቄሱ ጸሎት ሊጀምሩ ሲሉ ሰም የጫነች አህያ ደጅ ቆመች። ተከትሎ የገባው ትክል ድንጋይ የሚኖረው የባዬ ወንድም ምንይችል ነው፤ ነጠላውን አዘቅዝቋል።

«ወንድምህስ?» አለች አማረች። ምንይችል እየተቆራረጠ ነገራቸው።

ባዬን ትኩሳት ይዞት ነበር። «እስኪሻልህ ተኛ» ቢለው «ጽዋ ይዣለሁ፤ ሰውም ይጠብቀኛል» ብሎ በእግር ተነሣ። በሁለተኛው ቀን መንገድ ላይ ወደቀ፤ እዚያው ባለ ደብር ተቀበረ። በመጨረሻ የተናገረው «ሰሙን ለዝናሽ» የሚል ነው።

ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። ዝናሽ ግን ዓይኗን ከጽዋው አላነሣችም። እሷን ሦስት ሌሊት ያስተኛት፣ እሱን ከአልጋው ያስነሣው ያው ጽዋ ነበር።

ወደ ማምሻው ለቅሶው ጋብ ሲል አያ ተክለ ጊዮርጊስ ጽዋውን አነሡት። የጥር ተረኛ ዝናሽ ናት።

«ትቀበያለሽ፣ ልጄ?» አሏት፤ ድምፃቸው ደክሟል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እልል ብላ ትቀበል ነበር። አሁን ግን መጀመሪያ አማረችን አየች። ከዚያ እጆቿን ዘረጋች።

የገናው ጧፍ በጊዜው ደረሰ። ከባዬ ሰም መጀመሪያ የሠራችውን ግን አልሸጠችውም፤ ለአርባው አስቀመጠችው።